ገነቴ ለቢሯችን ማሽን ስትመርጥ

እኔ ማሽን አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ አንዱን ሳመሰግን የሻጭ ደላላ ናት እንዳትሉኝ። ርብቃ እባላለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማስተባበሪያ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ግማሽ ያሳለፍኩት ከፕሪንተር ሆድ ውስጥ ወረቀት ስጎትት ነው። ጣቶቼን ያየ ሰው ጋራዥ የምውል ይመስለዋል። እና ይህ ጽሑፍ ስለ ማሽን ቢመስልም የጻፍኩት ስለ ገነቴ ነው።

ገነቴ የፈተና ክፍል ኃላፊያችን ናት። አንጋጫ ተወልዳ፣ ሆሳዕና አግብታ፣ ለዓመታት ኬሚስትሪ ስታስተምር ቆይታ ነው ወደ ቢሮ የመጣችው። ከእናቷ ጋር በስልክ ከምባትኛ፣ ገበያ ላይ ሀዲይኛ፣ ቢሮ ውስጥ አማርኛ ትናገራለች። በሦስቱም ስትከራከር ሰምቻለሁ፤ በአንዳቸውም ስትሸነፍ አላየሁም። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። በዚህ ጠባይዋ እኔም ስንቴ ተናድጄባታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ሁሉም ቦርሳውን ሲያነሣ እሷ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ትላለች፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ ሽሮውን ታቀዘቅዘዋለች።

ቢሯችን በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሀደሮና በዳምቦያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ያስተባብራል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሁሉ የጋራ ሞዴል ፈተና ይወስዳሉ። አንደኛ የወጣ ልጅ በአዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በነጻ ይማራል። ይህ ለገበሬውም ለደሞዝተኛውም ቀልድ አይደለም። ፈተናው ሲቃረብ በየቤቱ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ሠርግ እንኳ ቢሆን ልጁን ይዞ የሚሄድ የለም።

አምና አንደኛ የወጣችው የገነቴ ልጅ ሐዳሳ ነበረች።

ደስታው ገና ሳይበርድ ወሬ መጣ። የሒሳቡ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ዱራሜ ውስጥ በጥቂት ልጆች እጅ ታይቷል ተባለ። የዱራሜው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ መምህር ተክለጊዮርጊስ፣ ከአንድ ልጅ የቀሙትን ቅጂ ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡ። ክፋት የሌለባቸው፣ ቀጥተኛ ሰው ናቸው። በስብሰባው ላይ የተናገሩት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ፈተናው ከወይዘሮ ገነቴ እጅ ነው የወጣው» አሉ። «አንደኛ የወጣችውም ልጃቸው ናት። እኔ ማንንም አልከስም። ወላጆች ግን ሁለቱን ይደምራሉ።»

ወላጆች ደመሩ። የሒሳብ ውጤት ለሁሉም ተሰረዘ፤ የሐዳሳ አንደኛነት አብሮ ሄደ፤ ነጻ የትምህርት ዕድሉም ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ገነቴን ማንም ፊት ለፊት ሌባ ነሽ አላላትም። ቢሏት ኖሮ ትመልስ ነበር። እሷ ስትገባ ጨዋታ ያቆማሉ፣ ስትወጣ ይቀጥላሉ፤ ይህ ደግሞ መልስ የለውም። ሐዳሳ የሰፈር ጓደኞቿን ትታ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን እናቷን «እማ፣ እኔ ግን አጥንቼ ነው» ብላታለች። ገነቴ ይህን የነገረችኝ ደረጃ ላይ ቆመን ነው። ነግራኝ ስታበቃ ቁልፏን ከቦርሳዋ ፈልጋ ክፍሏን ከፍታ ገባች፤ የማጽናኛ ቃል እንኳ አላስጨረሰችኝም።

እስከ አምና ፈተናውን የምናባዛው ውጭ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የአሞጽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። አሞጽ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እሑድ ሱቁን የማይከፍት፣ አደራ የማይበላ ሰው ነው ብለን ነው የመረጥነው። የዱራሜና የሀደሮ ትምህርት ቤቶች ግን ከወሬው በኋላ ቁርጡን ተናገሩ፤ ፈተናው ዳግመኛ ከቢሮ ውጭ ከተባዛ አንሳተፍም አሉ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይበልጣል ጭቅጭቅ የሚያሳምማቸው ሰው ናቸው። ለቢሮው አንድ ደህና ማሽን ይገዛ ብለው ወሰኑና ገነቴን የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ አደረጓት። ሲሰጧት ታዲያ አንድ ነገር አከሉበት።

«ወይዘሮ ገነቴ፣ ዘንድሮም አንድ ወረቀት ካፈተለከ የጋራ ፈተናው ይቀራል። እርስዎም ክፍሉን ያስረክባሉ። እንዲህ ማለቴ ጠልቼዎት አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች። «ማሽኑን ግን እኔ በምለው መንገድ እንመርጣለን።»

እዚህ ላይ ቢሯችን ምን ይመስል እንደነበር ካልነገርኩ የሆነው አይገባችሁም። በየጠረጴዛው አንድ አንድ ትንሽ ፕሪንተር ነበረ። እያንዳንዱ ዐይነቱ የተለየ፣ ቀለሙም የተለየ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁሉም ዳንቴል ለብሰዋል። የእኛ ሰው ፕሪንተሩን እንደ ሙሽራ ነው የሚያለብሰው። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸው ነበሩ፤ ዳንቴላቸው ግን በየበዓሉ ይታጠባል። «አንዲት ገጽ ላትም» ብትሉ የባለቤቱ ፊት ይጠቁራል። ለፎቶ ኮፒ አንድ ክፍል፣ ለስካን ሌላ ክፍል፣ ለማተም ደግሞ እኔ ጋ ነው። ሁሉም የማይሠራውን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

የኮሚቴው ሁለተኛ አባል የሒሳብ ሹሙ ታዴዎስ ነበር፤ ሦስተኛዋ እኔ። ታዴዎስ ገና ስንሰበሰብ ሦስት ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሦስቱም ከውጭ አገር ያገለገለ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ባለ ቀለም ማሽን ነው።

«ያትማል፣ ያባዛል፣ ስካን ያደርጋል፣ ፋክስ ይልካል» አለ። «አቶ ይበልጣልም ፎቶውን አይተው ወደውታል። ሰርተፍኬቱ ሁሉ በቀለም ይሆናል። ርካሹን እንፈርምና ወደ ሥራችን እንመለስ።»

ገነቴ ፕሮፎርማዎቹን ሰብስባ አጠፈቻቸው። «አባቴ አንጋጫ የመስቀል ቅርጫ ሰንጋ መራጭ ነበር» አለች። «ገበያ ከመውጣቱ በፊት አባላቱን በየቤታቸው ይዞር ነበር። እዚህ ቤት ስንት አፍ አለ? እንግዳ ይመጣል? ማን ሥጋ ይወዳል፣ ማን መረቁን? ሰንጋ ከታረደ በኋላ አነሰ በዛ ማለት ጠብ ነው። ከዚያም ያየውን ሰንጋ ዳገት ሳያስወጣ፣ ውሃ ሳያጠጣ አይገዛም ነበር። በስብ የተነፋ በሬ ዳገት ላይ ይታወቃል።»

«ወይዘሮ ገነቴ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው» አለ ታዴዎስ እየሳቀ። «የት ዳገት ላይ እናውጣው?»

«እናወጣዋለን» አለች።

በማግስቱ መዞር ጀመረች። በየክፍሉ ገብታ «ምን ዐይነት ማሽን ትፈልጋለህ?» አላለችም። እንዲህ ብትል ሁሉም ትልቁን ነው የሚላት። «ባለፈው ሳምንት ያተምከውን አሳየኝ» ነበር ያለችው። ሰው ተሸማቀቀ። የሥርዓተ ትምህርቱ ክፍል የመምህር መምሪያ በገፍ ያትማል፤ አንድ ፊት ብቻ እያተመ ወረቀቱን ግማሹን ይጥላል። አስተዳደሩ ሲያትም ብዙም አይታይም፤ ሥራው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ማባዛት ነው። ከሀደሮና ከዳምቦያ የሚላከው የውጤት ዝርዝር በሰው እጅ መጥቶ እንደገና በኮምፒውተር ይተየባል፤ ስካን ሆኖ በኢሜይል ቢመጣ መንገዱም ድካሙም በቀረ። ታዴዎስን ስለ ፋክሱ ስትጠይቀው ለማን ፋክስ እንደሚልክ አሰበ፣ አሰበ፣ ለማንም የለም። ባለ ቀለም የሚያስፈልገን በዓመት አንዴ፣ ለሰርተፍኬት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ለማስታወሻ ስከተላት እግሬ አልቋል። ግን እየዞርን አንድ ነገር ታየኝ። ስንመርጥ የኖርነው ለጠረጴዛ እንጂ ለሥራ አልነበረም። ለሁላችን የሚበቃ አንድ ማሽን በኔትወርክ ቢያያዝ፣ ወረቀቱን በሁለት ፊት ቢያትም፣ የተደረደረ ወረቀት ራሱ እየሳበ ሁለቱንም ፊት ስካን ቢያደርግ፣ በአዘቦት ቀን ሥራ አንሶት ሳይባክን የግንቦትን ጫና ቢችል ይበቃናል። ቶነሩ፣ ማለትም የዱቄት ቀለሙ፣ እዚሁ ሆሳዕና ይገኝ። ሲበላሽም ባለሙያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንጠብቅ።

ገነቴ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጨመረች። «ያዘዘው ሰው ማሽኑ ፊት ቆሞ ኮዱን ካላስገባ አንድ ወረቀት መውጣት የለበትም። ይህ የሌለው ማሽን ቢያበስልም አልፈልገውም።»

ከዚያ ለሻጮች ደብዳቤ ጻፍን፦ ማሽናችሁን አምጡ፣ በእኛ መብራት፣ በእኛ ወረቀት፣ እኛ ቢሮ ውስጥ ይታይ። አንዱ ሻጭ ሳቀብን። ሌላው መልስ አልሰጠም። ሁለቱ ግን እሺ አሉ፤ የመጀመሪያው የታዴዎስ ቁም ሣጥን ነበር።

ያን ቀን ማለዳ ዝናብ ጥሏል። ማሽኑ በር አልገባ ብሎ አንዱ መዝጊያ ተነቀለለት። ሲበራ ክፍሉ ሁሉ በብርሃን ተሞላ። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። አቶ ይበልጣል የቤተሰባቸውን ፎቶ አሳተሙና ለሁሉም አዞሩት፤ እውነቴን ነው፣ የልጃቸው ቀይ ሹራብ ከራሱ ከሹራቡ ይበልጥ ይቀላል። ታዴዎስ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እኔም ልቤ ከድቶኝ ነበር።

ገነቴ ወደ ንብረት ክፍል ሄዳ ራሷ አንድ ደስጣ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመውን። ማሽኑ ጥቂት ጎረሰና ነከሰ። ከፍተው አወጡለት፤ ደግሞ ነከሰ።

«ችግሩ የወረቀታችሁ ነው እንጂ የማሽኑ አይደለም» አለ ሻጩ።

«ሌላ ወረቀት የለንም» አለች ገነቴ።

ሻጩ የራሱን ወረቀት ሲከትበት ማሽኑ ጥሩ አተመ። ይሄኔ ታዴዎስን ማብሪያ ማጥፊያው ጋ አቆመችው። ማሽኑ በማተም ላይ እያለ «አጥፋ» አለችው። መብራት እንደ ልቡ የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ነን፤ ይህ ነበር ዳገቱ። ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሲበራ ማሽኑ ሞቀ፣ አጓራ፣ ከዚያም የቀሩትን ገጾች ማንም ሳያዝዘው ይተፋ ጀመር። አጠገቡ የቆመችው ጽዳት ሠራተኛችን ነበረች፤ ወረቀቱን አንሥታ «የማነው?» አለች።

ሻጩ ኮራ። «ሀርድ ዲስክ አለው። ምንም ነገር አይረሳም።»

«ምንም?» አለች ገነቴ።

«ምንም።»

«አንዲት ጥያቄ ብቻ። እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት የነበረውንስ ያስታውሳል?»

ሻጩ ፕሮፎርማውን ያገላብጥ ጀመር። ይዞት የመጣው ባለሙያ ወጣት ግን የዋህ ነበረና የማሽኑን ስክሪን ይነካካ ገባ። የተቀመጡ ሰነዶች የሚል ሣጥን ከፈተ። የማናውቀው ቋንቋ ተደርድሯል። ገነቴ አንዱን ጠቁማ «ይህን አትመው» አለችው። የወጣው የአንድ የውጭ አገር ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝር ነው፤ ከነዓሣው ሥዕል፣ ከነወይኑ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይበልጣል መነጽራቸውን አድርገው ዓሣውን መረመሩ። ታዴዎስ እንኳ ሳቀ።

ገነቴ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ውሃ ልስጥሽ ስላት እጄን ያዘች።

«ርብቃ» አለች ቀስ ብላ። «የአሞጽም ማሽን ያገለገለ ነው። እንደዚሁ ትልቅ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ የአምናው ፈተናችን እስከ ዛሬ በዚያ ማሽን ውስጥ ሊኖር ይችላል። እሷ ተነሥታ አቶ ይበልጣልን «ኮትዎን ይልበሱ» አለቻቸው፤ ሥራ አስኪያጅን እንዲህ ሲያዙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለሙያውን ወጣት ይዘን በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄድን።

አሞጽ በደስታ ተቀበለን። «እህት ገነቴ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ጠፋሽብን እኮ» አለ። የመጣንበትን ስትነግረው ግራ ተጋባ። «ማሽን ምን ያስቀምጣል? ወረቀቱ ከወጣ ወጣ ነው» አለ ከልቡ። ከዚያ ባለሙያው እንዲያይ ቦታውን ለቀቀ።

ሣጥኑ ሞልቶ ነበር። የኪራይ ውል፣ የሰው ዲፕሎማ፣ የመዝሙር ወረቀት፤ የከተማው ሰው ምስጢር ሁሉ እዚያ ተኝቷል። መሀሉ ላይ የእኛ የሒሳብ ፈተና ነበረ። ባለሙያው አንድ ነገር ነካና ለመጨረሻ ጊዜ የታተመበትን ቀን አነበበልን። እኛ ጥቅሉን የተረከብነው ዓርብ ነው። ማሽኑ ያለው ግን እሑድ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ፊት ብቻ።

«እሑድ?» አለ አሞጽ። «እሑድ ሱቄ ተከፍቶ አያውቅም።»

ራሱ ደረሰበት። «ቁልፉ ልጁ ጋ ነበር» አለ። «የማሽን ሠራተኛዬ፣ የዱራሜው ልጅ። ማሽኑን ላጽዳ ብሎ እሑድ እሑድ ቁልፉን ይወስዳል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። በሐምሌ ሳይሰናበተኝ ጠፋ፤ እኔ ደግሞ ምን በደልኩት ብዬ ነበር የማዝነው።» ከዚያ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

አቶ ይበልጣል ይሄኔ መምህር ተክለጊዮርጊስ ስብሰባው ላይ ያሳዩንን ቅጂ አስታወሱ። ለትምህርት ቤቶች የላክነው ፈተና ሁሉ በሁለት ፊት የታተመ ነው። የተያዘው ቅጂ ግን ጀርባው ባዶ ነበር። ሁላችን አይተነው ነበር፤ ግን ያስተዋለው አልነበረም። ገነቴም ብትሆን ፈተናውን ልታወጣ ብትፈልግ ዋናው በእጇ እያለ የተቆለፈ ሱቅ ምን አስከፈታት?

አሞጽ ቀና አለ። «እህት ገነቴ፣ በየትኛውም ጉባኤ ፊት ቆሜ እናገራለሁ» አለ። «ሱቄ ይዘጋ እንጂ ስምሽ እንዲህ አይቀርም።»

ከሱቁ ስንወጣ ገነቴ ባጃጅም አልፈለገች። መንገዱን ሙሉ ፊት ፊታችን ሄደች፤ እኔና አቶ ይበልጣል በጭቃው እየተንሸራተትን ልንደርስባት አልቻልንም።

አቶ ይበልጣል በማግስቱ ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ጻፉ። መልሱ ግን ልብ የሚያደርስ አልነበረም። ውጤት የሰረዘው የርዕሳነ መምህራን ጉባኤ ስለሆነ ጉባኤው ሰኔ ላይ ሲሰበሰብ ይታያል፤ የዘንድሮው ፈተናም እንዴት እንደሚወጣ እንየው አሉ። እኔ ደብዳቤውን ቀዳድጄ ልጥለው ነበር። ገነቴ ግን «ይሁን» ብላ ሁለተኛው ማሽን መቼ ይመጣል ስትል ጠየቀች።

ሁለተኛው ማሽን መልኩ አያምርም። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያትመው፤ ቁመቱ ወገቤ ላይ ነው፤ አዲስ ከመሆኑ በቀር የሚወራለት ነገር የለውም። እንኳን ሰው ሊሰበሰብለት ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አስደገፈችበት። ገነቴ እርጥቡን ወረቀት አጎረሰችው፤ ዋጠው። የሥርዓተ ትምህርት ክፍሉን ወፍራም ጥራዝ ፈትታ ደረደረችለት፤ ሁለቱንም ፊት እያነበበ ወደ ዳምቦያ በኢሜይል ላከው፣ ከዳምቦያም ደረሰን ብለው ደወሉ። የፈተናው የአማርኛ ፊደልም የሀዲይኛው የላቲን ፊደልም ሳይዘበራረቅ ወጣ። መብራቱን ራሱ ታዴዎስ አጠፋው፤ ማንም ሳያዝዘው ሮጦ ሄዶ። ሲበራ ማሽኑ ሞቀና ዝም አለ። ጠበቅን። ምንም አልወጣም። ገነቴ ቀርባ ኮዷን ስታስገባ የቀሩት ገጾች እጇ ላይ ወጡ። ባለሙያው ሣጥኑን ከፍቶ ሲያሳየን ባዶ ነው፤ አትሞ ሲጨርስ ይደመስሳል።

«ፋክስ የለውም» አለ ታዴዎስ ለመጨረሻ ጊዜ። ሁላችን አየነው። ብዕሩን አወጣና ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ።

ትንንሾቹን ፕሪንተሮች መሰብሰብ ከግዢው ይብሳል። አንዱ ባለደረባችን ዳንቴሉን ባለቤቴ ናት የሠራችው ብሎ ለሁለት ሳምንት ተሟግቷል። ታዴዎስ ኮዱን እየረሳ በየቀኑ እኔ ጋ ይመጣ ነበር፤ በመጨረሻ በልጁ ስም ቀየርኩለት። ግን ሚያዝያ ሲደርስ ቢሮው ሌላ ቢሮ ሆኖ ነበር። ሰው ማሽኑ ጋ ተራ ሲጠብቅ ይጫወታል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውቃል። እኔም ጥፍሬ አደገ።

ግንቦት መጣ። ፈተናውን በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍተን አተምን፤ ገነቴ የምንደብቀው ነገር ያለ እንዳይመስል ብላ ነው። ከማሽኑ አጠገብ አልተነሣችም፤ ምሳዋን እዚያው በላች። እኔ እያሸግኩ፣ ታዴዎስ ማኅተም እየመታ፣ አቶ ይበልጣል ራሳቸው ጥቅል ወደ መኪናው እየተሸከሙ ዋልን። የሀደሮ፣ የዳምቦያ፣ የዱራሜ እያለ ወጣ። ፈተናው ተሰጠ። በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ልጅ እጅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልታየችም። የሀደሮው ርዕሰ መምህር ደውለው «ዘንድሮ ልጆቹ ወሬ አጥተው ለማጥናት ተገደዱ» አሉን። ገነቴ ስልኩን ዘግታ ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ያ ሳቋ እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሰኔው ጉባኤ ሆሳዕና በአዳራሻችን ተካሄደ። ርዕሳነ መምህራኑ ከፊት፣ መምህራንና ወላጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሐዳሳ በዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርሟ ከእናቷ አጠገብ ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ተሸጉጣ እግሯን ታያለች። አሞጽ እንደ ቃሉ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ራሱን ሳያድን። ባለሙያው ያተመልንን የአሞጽን ማሽን መዝገብ አቶ ይበልጣል አነበቡ። መምህር ተክለጊዮርጊስ ከቦርሳቸው ያንን አንድ ፊት ቅጂ አውጥተው ጀርባውን ለጉባኤው አሳዩ። ባዶ ነው። ከኋላ ሰው ሲተነፍስ ተሰማ።

ውሳኔው ብዙ አልፈጀም። ፈተናው የታየው ዱራሜ ብቻ በመሆኑ የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ውጤት እንዲመለስ፣ ሐዳሳም አንደኛነቷ ጸንቶ ከዐሥረኛ ክፍል ጀምሮ በአዳሪ ትምህርት ቤቱ በነጻ እንድትማር ተወሰነ። እጅ ሲያወጡ መጀመሪያ ያወጡት መምህር ተክለጊዮርጊስ ናቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ገነቴ መጡና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«ወይዘሮ ገነቴ፣ በድያለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ገነቴ ተነሥታ ቆመች። እኔ እሺ ትላለች ብዬ ነበር፤ ሁላችንም። ሽማግሌ ሲያጎነብስ ቶሎ ማንሣት ነው ወጉ።

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ መምህር፣ ችዬዋለሁ» አለች። «ለልጄ ይንገሯት።»

መምህር ተክለጊዮርጊስ ቀና ብለው ሐዳሳን አዩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደው፣ በዚያ ሽበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከዐሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ፊት ቆሙ።

«ሐዳሳ፣ ውጤቱ የራስሽ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ የቀማሁሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ሐዳሳ ብድግ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። እሺ እሺ ብቻ አለች። ቀና ስትል ግን አንገቷ እንደዚያ ረጅም መሆኑን ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

ገነቴ እልል አለች። እናት በልጇ ሠርግ እንደምትለው ያለ እልልታ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የታፈነ። ከኋላ ያሉት የሀዲያና የከምባታ እናቶች ተቀበሏት፤ አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ። ታዴዎስ ያጨበጭባል፣ አሞጽ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ከዚያ በኋላ ያለው አልተጻፈም።